ዘርፍሽ የትኛው ነው?

"አሁን ገባሽ?" ይለኛል የጥቃቅን ቢሮው ኦቦ ጆቴ፣ ለአራተኛ ጊዜ። "የመሥሪያ ሼዱ የሚሰጠው ለኢንዱስትሪ ዘርፍ ነው። አንቺ ደግሞ አገልግሎት ነሽ።"

"አምና ሳመለክት ግብርና ነሽ ብለውኝ ነበር።"

"በርበሬ ስታሰጪ አገኘንሻ!"

"ስፈጭ ያገኛችሁኝ ቀንስ?"

ፎርሙን እሱ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ እሱ እንገፋዋለን። አባቴ ጉቲን ከተማ አጠገብ ያመረተውን በርበሬ ነቀምት አምጥቼ አሰጣለሁ፣ እፈጫለሁ፣ አሽጌ እሸጣለሁ። ይቺን ለማስረዳት ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። አከራዬ እስከ ቅዳሜ ልቀቂ ብለዋል፤ ወፍጮዬን በከፈትኩ ቁጥር ግቢው ሁሉ ሲያነጥስ ነው የሚውለው። ሼዱን ካጣሁ ወፍጮዬ ጨለለቂ ሰፈር መንገድ ዳር ማደሩ ነው።

"ኦቦሌቲ፣ ተረጋጊ እንጂ።" ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ የሚለኝ እምቢ ሊለኝ ሲል ነው። "ኢንዱስትሪው ሞልቷል። ሁሉም ዘርፍ እኮ አድጓል፤ አታዪም?" በእስክሪብቶው ከጀርባው የተሰቀለውን ባነር ያሳየኛል።

አያለሁ። ሦስት ትልልቅ ፎቶ፣ በየሥሩ መቶኛ። ግብርና የሚለው ላይ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ በርበሬ ታሰጣለች። ኢንዱስትሪው ላይ አንዲት ሴት ወፍጮ ይዛለች። አገልግሎት ላይ ያለችው ለደንበኛ ፌስታል ታቀብላለች። ሦስቱም አፍና አፍንጫቸውን በቢጫ ሻርፕ አስረዋል።

የሻርፗ ዘርፍ፣ ያ ጫፏ ላይ የሚንጠለጠለው ክር፣ በአንድ ጥግ ተቃጥሏል። ሦስቱም ላይ። የአረፋ ዕለት ከሰል የበላው ነው። ሦስቴ ከዚሁ ቢሮ ፎቶ አንሺ ይዘው መጥተው ነበር፤ እኔ ለሼዱ መስሎኝ እንዳሉኝ ሆንኩላቸው።

"ኦቦ ጆቴ፣ ኢንዱስትሪውን የሞላው ማነው?"

"ብዙ ሰው ነዋ!"

ሻርፗን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፎርሙ አጠገብ እዘረጋታለሁ፤ የተቃጠለውን ጥግ ወደ እሱ አዙሬ።

"ዘርፍሽ የትኛው ነው አላሉኝም? ይኸው ዘርፌ።"

ሻርፗን ያያል። ዞሮ ባነሩን ያያል። ጆሮው ይቀላል። ጫፏን በሁለት ጣቱ ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ያነጥሳል።

"ይማርዎት" እላለሁ። "ይሄ ለግብርናው።"

ደግሞ ያነጥሳል። ማዶ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ድርቤ ሳቋን በፋይል ትከልላለች።

"ይማርዎት። ይሄ ለአገልግሎቱ።"

ሦስተኛው ሊመጣ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ እስክሪብቶው "ኢንዱስትሪ" ከሚለው ሳጥን በላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል።

እኔም እጠብቃለሁ።