ሸዋወርቅ ፊት ለፊት

አለቃ ዘርአ ዳዊት ከሰላቸውን በእንጨት የተወጠረው አቡጀዲ ላይ ጣል ያደርጉታል።

«በአንድ ዓይንስ አልስላትም። በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስስል ደግ ሰው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ስዬ አላውቅም። ሸዋወርቅን ከማን ጋር ላሰልፋት ነው?»

«እኔ የማውቃት ግን እንደዚያ ናት፣ አለቃ» እላለሁ።

«ጋሽ ጣሰው!» ትላለች የሸዋወርቅ እህት እናናየሁ ከጓዳ ብቅ ብላ። «የእህቴን አፍንጫ ብቻ ግድግዳ ላይ ልትሰቅል ነው?»

አለቃ ይስቃሉ። እኔ ግን ሳቄ አይመጣም። ባለቤቴ ሸዋወርቅ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ከሞተች ወዲህ መልኳ ቀን በቀን እየሸሸኝ ነው፤ ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ይዤ ላስቀረው ብዬ ነው አለቃን የለመንኩት።

ልጃችን ብርሃነ መስቀል ለብሔራዊ ውትድርና በካሚዮን ተጭኖ ከሄደ ጀምሮ ውሎዋ ደጃፉ ላይ፣ በርጩማዋ ላይ ሆነ። ከሰሜን ወሬ የሚባል አልመጣም። እኔ ከስፌት መኪናዬ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው ጆሮዋን፣ ጉንጯን፣ የሻሿን ቋጠሮ ነው። «ሸዋዬ» ስላት «አቤት» ትላለች እንጂ አትዞርም። ውሃ ስታቀብለኝ እንኳ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው።

«ይሁን» ይላሉ አለቃ፣ ድምፃቸውን ለዘብ አድርገው። «ፊት ለፊት ስታይህስ ምን ትመስል ነበር?»

አፌን እከፍታለሁ። የሠርጋችን ለት ያየሁትን ፊት ልናገር እልና እተወዋለሁ። ያቺ ገና ልጅ ናት፤ የሞተችብኝ እሷ አይደለችም።

እናናየሁ ቀልዷን ትተዋለች። ሄዳ በርጩማው ላይ ትቀመጥና ሻሿን እንደ እህቷ ወደ ኋላ ትቋጥራለች።

«ሰው ሁሉ ቁርጥ እሷን ነሽ ይለኛል። በሉ፣ ከእኔ ላይ ይፈልጓት።»

ካለሁበት አያታለሁ። ያው ጆሮ፣ ያው ጉንጭ። የቀረው ፊቷ በወዲያ በኩል ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የሸዋወርቅ ሙሉ ፊት ለመንገዱ የተሰጠ ነበር፤ እኔ በዚያ በኩል ቆሜ አላውቅም።

ተነስቼ አጠገቧ አልፌ እወጣለሁ። አለቃም አቡጀዲያቸውን በብብታቸው ይዘው ይከተሉኛል።

«ወዴት ነው ደግሞ?» ትላለች እናናየሁ።

«አትነሺ፣ እናናዬ። ዝም ብለሽ እንደሷ መንገዱን እይ።»

ከደጃፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከደብረ ብርሃን የሚመጣ ሰው ቤታችንን መጀመሪያ የሚያይበት ቦታ አለ። ጭጋጉ ከአንኮበር ገደል እየወጣ ነው። እዚያ ቆሜ እዞራለሁ።

ሁለት ዓይን። ብርድ ያስለቀሳቸው፣ ሳይርገበገቡ የሚጠብቁ። ቅንድቧ ከፍ ብሏል፤ ከንፈሯ ስም ሊጠራ እንዳለ ሰው ገርበብ ብሏል። ብርሃነ ቢመጣ ኖሮ የሚቀበለው ፊት ይህ ነበር።

«እነዚህ ናቸው» ይላሉ አለቃ በሹክሹክታ። ከሰሉ አቡጀዲው ላይ ሲፋቅ እሰማለሁ።

ዓይኖቹ ግን እኔ ላይ አያርፉም። በትከሻዬ አልፈው ቁልቁል መንገዱን ይወርዳሉ። ጥቂት እጠብቃለሁ። ከዚያ እኔም ቀስ ብዬ፣ እሷ ወደምታይበት እዞራለሁ።