ቀበቶና ጥድፊያ

ታክሲ ነጂው ጆሮውን ወደ ራዲዮው አስጠግቶ የጣቢያ መፈለጊያውን ቁልፍ ያሽከረክራል። ከረጃጅሞቹ ፎቆች መሀል ስለገቡ ሽሽሽ ከሚል ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም።

“ሞገዱን ፎቁ ጋርዶት ነው። ዳገቱ ላይ ስንወጣ ጥርት ይላል” ይላል።

“አንተ እስክትወጣ አንብባ ትጨርሳለች” ትላለች ሚስቱ ከጎኑ።

ልጃቸው ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዜና ታነባለች፤ ያቺ በልጅነቷ ምላሷ እየተያዘ፣ አንድ ቃል ጉሮሮዋ ላይ ሲቆም ላብ የሚያጠምቃት ልጅ።

አባትየው ነዳጁን ይረግጠዋል። ዳገቱ አፋፍ ላይ አንድ ጉድጓድ መኪናዋን ያነጥራታል፤ ቀበቶ ያሰረ ለማስመሰል መቆለፊያው ውስጥ የሰካት ባዶ ብረትም ተስፈንጥራ ከወንበሩ ሥር ትገባለች። መኪናዋ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ትጀምራለች። ቀኑን ሙሉ ሲወጣ ሲገባ ለሚውል ሰው ቀበቶ እግር ብረት ነው ባይ ነውና፣ መኪናዋን በዚያች ብረት ማታለል ከጀመረ ዓመታት ሆኖታል።

የልጅቷ ድምፅ ከጢጥታው ሥር ብቅ ይላል። ዳር ይዞ ያቆማል፤ ጩኸቱ ግን አይቆምም። ሞተሩን ቢያጠፋ ራዲዮውም አብሮ ይጠፋል። ቀበቶውን ላፍ አድርጎ ይጎትተዋል፤ ድርቅ ይላል። ይብስ በኃይል ይጎትተዋል፤ ወይ ፍንክች።

“ምን ሆንኩ ነው የሚለው ይሄ ደግሞ?”

“ስለምትመነጭቀው ነው። በድንገት ሲስቡት እንዲይዝ አይደል የተሠራው? ልቀቀውና ቀስ ብለህ ሳበው።”

ይለቀዋል። ቀስ ብሎ ይስበዋል። ቀበቶው እሺ ብሎ ይመጣል፤ ቀጭ ሲል ጢጥታው ዝም ይላል።

የልጅቷ ድምፅ መኪናዋን ይሞላታል፤ የእሱ ልጅ አትመስልም። ከዚያ አንድ አረፍተ ነገር መሀል ላይ ትቆማለች።

እጁ ወደ ራዲዮው ሲሄድ ሚስቱ ትይዘዋለች።

“አልጠፋም። ቢጠፋ ሽሽሽ ይል ነበር።”

እውነቷን ነው። ጣቢያው አለ፤ የቆመችው ልጅቷ ናት። “ቶሎ በይ እንጂ፣ አውጪው” ሊል አፉን ይከፍታል። ስንት ዓመት እንዲያ እያለ አስጨንቋታል፤ ባጣደፋት ቁጥር ቃሉ ይብስ ይጠብቅባት ነበር። ደረቱ ላይ ያለውን ቀበቶ ጨበጥ ያደርጋል።

“ቀስ በይ፣ እናቴ” ይላል ለራዲዮው።

መጀመሪያ ትንፋሿ ይሰማል፤ ቀጥሎ ቃሉ።