የሕፃን ሸሚዝ ይዞ የተከተላቸው ሰውዬ

"አልፈልግም አልኩህ እኮ!"

ሰውዬው ንቅንቅ አላለም።

ትንሽ ነጭ የሕፃን ሸሚዝ ፊታቸው ላይ እያውለበለበ፣ የማይገባቸውን ነገር ይለፈልፋል...

እኚህ እናት ደግሞ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ሲሰፉ ኖረው፣ በሰው አገር ከአውቶቡስ እንደወረዱ ልብስ ሊሸጥላቸው!

"ለኔ? ለኔ ነው ልብስ የምትሸጠው? ሂድ ወዲያ!"

የአገሩን ቋንቋ የሚያውቁት አራት ቃል ብቻ ነው። "አመሰግናለሁ"፣ "ይቅርታ"፣ "ውሃ" እና "አልፈልግም"።

ያስጠናቻቸው ልጃቸው ናት፣ በስልክ።

"እማዬ፣ መናኸሪያው አጭበርባሪ አያጣም። ማንም ምንም ቢሰጥሽ አልፈልግም በይ። እኔ እስክመጣ ከበሩ እንዳትርቂ" ብላቸዋለች።

እሳቸውም ይኸው በሩ ላይ ቆመው "አልፈልግም" ሲሉ ይውላሉ...

ልጅቷ ግን የለችም።

አብረዋቸው የመጡት ተሳፋሪዎች ከዘመዶቻቸው ጋር እየተቃቀፉ አንድ በአንድ ሄዱ። የእሳቸው ስልክ ድንበር ካለፈ ጀምሮ ኔትወርክ የሚባል ነገር ረስቷል። አድራሻ አልያዙም... "እኔው እቀበልሻለሁ" ብላ የለ!

ልጅቷ ደግሞ ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው። እናትየዋ ቤታቸውን ቆልፈው የመጡት የመጀመሪያ ምጧን ብቻዋን እንዳታምጥ ነው።

"ምን አግኝቷት ይሆን?" እያሉ መንገዱን አዩ።

ከዚያ ተናደዱ። "ያ ኮስታራ ነው! ያ ኮስታራ አለቃዋ አልለቅም ብሏት ነው!"

ኮስታራው ልጅቷ የምትሠራበት የስፌት ቤት ባለቤት ነው። በደወለች ቁጥር ስሞታዋ እሱ ነው። "ዛሬም 'በግራ እጅሽ አትስፊ' ብሎ ጮኸብኝ" ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው...

እናትየዋ ግራኝ ናቸው። ልጅቷ ስትጽፍም ስትበላም በቀኟ ነው። መርፌ ስትይዝ ብቻ ወደ ግራ! የእናቷን እጅ እያየች ስለተማረች፣ የእጅ ስፌቷም እንደ እናቷ ከሌላው ሰው በተቃራኒ ያዘነብላል።

እናት ታዲያ ዝም ይላሉ? ስልኩን ሳይዘጉ፣ "መርፌ ላይ ያስቀምጠው!" ብለው ይረግሙታል።

ሸሚዝ ያዡ አሁንም አልሄደም።

በሩ አጠገብ ወዳለው ምሰሶ ሄዱ። ተከተላቸው። ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን አዞሩ። ዞሮ መጣ።

ጭራሽ ሸሚዙን ብብቱ ሥር ከቶ፣ በሁለት እጁ የተነፋ ሆድ እየሠራ ያሳያቸው ጀመር።

"ጠገብኩ ነው የምትለኝ? ደስ ይበልህ! እኔ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም!"

ሰውዬው በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ሸሚዙን ገልብጦ፣ ውስጡን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠው።

መቼስ ልብስ ሰፊ የተገለበጠ ልብስ አይቶ አያልፍም...

አዩት።

ጠርዙ በእጅ ነው የተሰፋው። ክሩ በተቃራኒ አዘንብሏል። ቋጠሮው... የራሳቸው ቋጠሮ!

"ልጄ! ልጄን ምን አደረግሃት?!" ተነስተው ኮሌታውን ጨምድደው ያዙት። አንድ ቁልፍ ተበጥሶ መሬት ላይ ተንከባለለ።

ሰውዬው ኮሌታው እንደተያዘ ፈገግ አለ። ሁለት ክንዱን አጠፍ አድርጎ፣ ባዶ አየር አቅፎ፣ እሹሩሩ...

እጃቸው ላላ። "ወለደች?"

ቃሉ አልገባውም። ግን ራሱን ነቀነቀ።

የእሳቸውን ሻንጣ ተሸክሞ ከፊት ከፊት ሮጠ። እሳቸውም ከኋላው።

*

"እማዬ!"

ልጅቷ የሆስፒታል አልጋ ላይ ናት። ደረቷ ላይ ቀይ፣ የተጨማደደች፣ የምትጮህ ነገር አለች።

ሁለቱም አለቀሱ... ሕፃኗም አገዘቻቸው።

"ምጤ ሥራ ቦታ መጣ እማዬ። በስልክ አትገኚም። ይሄ የላክሁት ሰውዬ ደግሞ መልክሽን አያውቅም። ለልጄ የሰፋሁትን ሸሚዝ ሰጠሁትና 'ይህን አሳያት፣ እጄን ከሩቅ ታውቀዋለች' አልኩት። ወዲያው አወቅሽው አይደል?"

እናት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እህ... አዎ። ወዲያው ነው!"

"'እኔን የምትመስል፣ የምትቆጣ ሴት ፈልግ' ብዬው ነበር። ስትጮኺበት ነው እርግጠኛ የሆነው።"

"ለመሆኑ ይሄ የተባረከ ሰው ማነው?"

"ኮስታራው ነዋ! አለቃዬ! ሥራውን ጥሎ፣ ስፌት ቤቱን ዘግቶ እኔን እዚህ አደረሰኝ። ከዚያ ወደ አንቺ ሮጠ።"

ዞረው ሰውዬውን አዩት...

ያን ሁሉ እርግማን አሰቡት። ሰውዬውን በስንት መርፌ ላይ አስቀምጠውታል!

ከቀሚሳቸው ውስጥ የማይለያቸውን መርፌና ክር አወጡ። በሩ አጠገብ የቆመውን ሰውዬ ጎትተው አስቀመጡትና፣ ከራሳቸው ሹራብ አንድ ቁልፍ ፈትተው ኮሌታው ላይ ይተክሉለት ጀመር።

በግራ እጃቸው።

ሰውዬው እጃቸውን አየ። ልጅቷን አየ። ሳቁ አመለጠው። የሆነ ነገርም አለ።

"ምን ይላል?"

"'ለካ ይሄን ያህል ጊዜ የጮኽኩት በእናትሽ እጅ ላይ ነው! ደግሞ ሸሚዙን በቀኝሽ ሰፍተሽው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዴት ያምኑኝ ነበር? በይ እንደ ልብሽ ስፊ' ይላል።"

እናት እንባቸው ወረደ። ከአራቱ ቃላቸው ሁለቱን አወጡ...

"ይቅርታ... አመሰግናለሁ... ይቅርታ... አመሰግናለሁ..."

"ውሃ" ቢሉት፣ ሰውዬው ወጥቶ ይዞላቸው መጣ። ሦስተኛዋም እንዲህ ሥራ ላይ ዋለች።

አራተኛዋን ግን ዳግመኛ ለሱ አላሉትም።

*

ወገኖቼ፣ አጭበርባሪ የለም አላልኩም። ሞልቷል! ቦርሳችሁን አጥብቃችሁ ያዙ።

ግን የሚከተለን ሁሉ ሊወስድብን አይደለም። አንዳንዱ የራሳችንን ይዞልን ነው የሚለምነን። ስለ ሰው በስልክ የሰማነውም የሸሚዙ አንድ ጎን ነው... ገልበጥ አድርገን እንየው።

እናንተስ? "አልፈልግም" ብላችሁ ስታባርሩት ሳይቀየም የደረሰላችሁ ሰው ማነው? ስሙን ባታውቁትም እስቲ እዚህ ኮመንት ላይ አመስግኑት...