የመሪጌታ ህሩይ ሳል

መሪጌታ ህሩይ የደም ግፊት ክኒን በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት ደረቅ ሳል ያዛቸው። አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ዝም ብሎ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሳል ነው።

በአምባ ጊዮርጊስ አርባ ዓመት ማኅሌት የመሩ ሰው ናቸው። አንድ የጽጌ እሑድ ዜማውን ከፍ አድርገው ሲያነሡ ሳሉ አፈናቸው። ሌላ ሰው ተቀበላቸው። ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ቤታቸው ገቡ፤ እህልም አልቀመሱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሽ ከአጠገባቸው ሳይለዩ ዋሉ።

ልጃቸው ዝማሬ ጎንደር ከተማ መምህርት ናት። በየማለዳው ትደውላለች።

«አባባ፣ ክኒኑን ዋጡ?»

«ዋጥኩ ልጄ። ዓይኔን ታውቂው የለ? እናትሽ ናት እጄ ላይ የምታኖርልኝ።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳሉ ለቀቃቸው። ድምፃቸው ተመለሰ። ወይዘሮ ይመኙሽ በስልክ «ዛሬማ እንዴት ሸጋ አርገው አዜሙ መሰለሽ!» ይሉ ጀመር።

ዝማሬ ግን ሰላም አጣች። ከክኒኑ ጋር የመጣ ሳል እንዲያው በድንገት ምን አጠፋው? ክኒኑን ትተውት ይሆን? ክፍል ውስጥ የጀመረችው ዐረፍተ ነገር ይጠፋባታል። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትምህርቱን አቋርጣ ታነሣለች።

ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ይዛ ሄደች። ጓሮ ብትወጣ፣ ዶሮ የጫረው አፈር ውስጥ ከነማሸጊያው የተቀበረ ክኒን አገኘች።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

መሪጌታ በጣታቸው ዳሰሱት። «እኔ አልጣልኩም።»

«ታዲያ ማን ጣለው?»

«አልጣልኩም አልኩሽ!» ብለው ከመደቡ ሲነሡ ተንገዳገዱ። ደግፋ፣ ከእናቷ ጋር ጤና ጣቢያ አደረሰቻቸው።

ግፊታቸው መቶ ዘጠና ደርሷል።

«ደረቅ ሳል የዚህ ክኒን ጠባይ ነው፤» አለች ሐኪሟ ነጃት። «ቢነግሩን ሳል በማያመጣ በሌላ እንቀይርልዎ ነበር። ምነው ደበቁን፣ አባቴ?»

«እግዜር ምስክሬ ነው፣ አንድ ቀን አላጓደልኩም፤» አሉ መሪጌታ።

«አባባ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አይዋሹን!» አለች ዝማሬ። አባቷን እንዲህ ተናግራ አታውቅም። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ።

በሩ ሥር የቆሙት ወይዘሮ ይመኙሽ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ።

«ተያቸው ልጄ፤ በየማለዳው እጃቸው ላይ የማኖርላቸው ቫይታሚን ነው።»