ሳቅ የማይወዱት አማካሪ

"አቁሙ! አቁሙ!" አሉ ጡረተኛው የጦር ሐኪም፣ እንደገና ካሜራው ፊት ገብተው።

ዳይሬክተሯ ትርሲት ጭንቅላቷን ያዘች። "ዶክተር፣ አሁን ደግሞ ምን ሆነ?"

"ይኼ ሐኪም ሆኖ የሚተውነው ልጅ የሰው እግር እየቆረጠ ይቀልዳል! እኔ ዕድሜዬን ግንባር ላይ ስቆርጥና ስሰፋ ነው የኖርኩት፤ ቁስለኛ አስተኝቶ የሚቀልድ ሐኪም አይቼ አላውቅም።"

"ድራማው እኮ ኮሜዲ ነው። ሕዝቡ ይኼን ሁሉ ዓመት የወደደን በቀልዱ ነው።"

"ታዲያ አማካሪ ያላችሁኝ ለወግ ነው?"

ደማቸው ፈላ። የጓንት አጠላለቅ፣ የመርፌ አያያዝ ሲያሳዩ ሁሉም "እሺ ዶክተር" ይላቸዋል፤ ካሜራው ሲበራ ግን ያው ማሽካካት ነው። በቃቸው። ኮታቸውን አንስተው ከቀረጻው ድንኳን ሊወጡ ሲሉ፣ አልጋው ላይ ቁስለኛ ሆኖ የተኛው ሰውዬ እጃቸውን ያዘ። ለዛሬ ትዕይንት ብቻ የተጠራ፣ ቀኝ እግሩ የምር የሌለ ጎልማሳ ነው።

"ሻምበል" አላቸው።

በዚያ ማዕረግ የጠራቸው ሰው ከጦርነቱ ወዲህ አልነበረም።

"ማደንዘዣ ያለቀ ጊዜ ይኼን እግሬን የቆረጡልኝ እርስዎ ነዎት። መጋዙን እንደያዙ፣ ወንዝ አልሻገርም ስላለች በቅሎ ያጫውቱኝ ነበር። እያለቀስኩ ስስቅ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ራሴን ሳትኩ። ስነቃ እርስዎን ወደ ሌላ ግንባር ወስደውዎት ነበር።"

ሰውዬው እጃቸውን አልለቀቀም።

"ለመሆኑ፣ በቅሎዋ ተሻገረች?"