ሦስተኛው ቀለም

«ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ፎቶውን ያጠበችለት ሰው የትም ቢሆን ቤቱ ይመጣል» ይላሉ ጎረቤቴ አዴ ሀዋ፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ።

«እንግዲያው የጠፋችውን ፍየልዎን ፎቶ ያምጡልኝ» አልኳቸው።

እኔ ሙጫ፣ ቀለምና ኬሚካል አደባልቄ ወረቀት እቀባለሁ፤ ኔጌቲቩን ጭኜ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፤ ከዚያ በውሃ አጥባለሁ። ለአንድ ፎቶ ይህንኑ ሦስት ጊዜ፣ ቀለም በቀለም ላይ እየደረብኩ እደጋግማለሁ። ማንም አላስተማረኝም።

የሰፈራችን ልጅ ልያ ግን አመነቻቸው። ሊሙ ገነት ቡና ለቀማ ሄዶ ድምፁ የጠፋውን የባሏን፣ የያቤፅን ፎቶ አመጣች፤ የግቢያቸው በር ላይ ቆሟል፣ ከኋላው ቤታቸው አለ።

በመጀመሪያው ቀለም ያቤፅ እዚያው በሩ ላይ ነበር። በሁለተኛው በረንዳው ላይ ሆነ። ወረቀቱ ረጥቦ ተኮማትሮ ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ግድግዳውና ዛፉ ግን ውልፍት አላሉም። እልህ ይዞኝ ሦስተኛውን ደረብኩ። የቤቱ በር ተከፍቷል፤ ሰው የለም።

ልያ ደወለች። «መጣልኝ! ጌታ ይባረክ! ልብሱ በስብሷል እንጂ ደህና ነው፤ ምሳ እያቀረብኩለት ነው።» ከአጠገቧ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

ስልኩን ሳልዘጋ አዴ ሀዋ አንድ እንግዳ ይዘው ገቡ። «ከሊሙ ነው፤ የልያን ቤት አሳዪው።»

ሰውየው አቀርቅሮ፣ «መርዶ ይዤ ነው፤ ያቤፅን እሁድ ቀበርነው» አለኝ።