የማይረሳው ቤት

የዕድሩ አባላት ትዝታቸውን በአንድ ሰርቨር ማስቀመጥ ከጀመሩ ወዲህ፣ ሰርቨሩ ተጨናንቆ በቆመ ቁጥር ሰው የወለደውን ልጅ ይረሳል። የዕድሩ የኮምፒውተር ባለሙያ ታረቀኝ ሰበቡን ሳምንት ሙሉ ሲፈልግ ሰንብቶ ዛሬ አገኘው። «የእኔ ቤት እንኳ አይርሳ» ብሎ የቤተሰቡን ትዝታ በየደቂቃው በድብቅ እየገለበጠ ቅጂ ማስቀመጡ ነበር ሰርቨሩን የሚያቆመው።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቱ እትዬ ውድነሽ የምታለቅስ ልጅ እጅ ይዘው ቆመዋል።

«ታረቀኝ፣ ይቺ ልጅ ቀሚሴን ይዛ አለቅም አለችኝ። የማን ናት?»

«የእርስዎ ናት፣ እትዬ። ሶልያና።»

እትዬ ውድነሽ ደንግጠው ልጅቷን እቅፋቸው ውስጥ ሸጎጧት።

«አንተ ባትኖርልን ምን ይውጠን ነበር? ቤትህ አይፍረስ! ልጆችህ አይርሱህ!» ብለው መረቁት።

ታረቀኝ አንገቱን ደፋ። «አሜን» ለማለት አፉ አልታዘዝለት አለ።